ለዘፈን የሚሻለው ሁለት ስፒከር ነውን ወይስ ስድስት?

በአሁኑ ዘመን የእንግዳ መቀበያ ክፍሉን የሚያሰናዳ ሰው ከምንጣፉና ከመጋረጃው ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ዘፈን መሣሪያ ነው። ይህንንም ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ባለቤት ሁለት ዓይነት ዕቃ ቀርቦለት ምረጥ ይባላል። አንደኛው ሃይ ፋይ የሚባለው ሲሆን፤ ይኸውም አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች ብቻ ያሉት ነው። ሁለተኛው ሆም ቴአትር እየተባለ የሚጠራው የቤት ሲኒማ ነው። እርሱም አምስት ስፒከሮችና ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየ አንድ ዉፈር ስላሉት አምስት ነጥብ አንድ ይሉታል። ሻጩ ስድስቱን በሁለቱ ዋጋ አሰልፎ ሲያሳየው፤ ቈጥሮ ወደ ብዛቱ የማያዘነብል ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ወራት ቍጠባ ነው፤ ዕቃውም አንድ ጊዜ ከገባ ለብዙ ዓመታት ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚኖር ነው። ስለዚህ በዚህ ገጽ አሳባችንን ሳንሸሽግ እንገልጻለን፤ ከሁሉ አስቀድሞ ዘፈን መስማት የሚወድ ቤተ ሰብ ሁለቱን ይግዛ።

የሚያስገርመው ነገር፤ ዛሬ ለዘፈን የምንመርጠው የሁለቱ ስፒከር ዘዴ ራሱ የታሰበው ከሲኒማ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ይሠራ የነበረ አለን ብሉምላይን የሚባል መሐንዲስ በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ሴት ጋራ ሲኒማ ሲያይ፤ ተዋናዩ ወደ መጋረጃው ዳር ሲሄድ ድምፁ ግን ከቆመበት ስፍራ አለመነቃነቁ አላስደሰተውም ይባላል። ከዚህም የተነሣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የፈጠራውን መብት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ። ይህ ሰው በ1942 ዓ.ም. የራዳር መሣሪያ በሚሞከርበት አውሮፕላን ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። በሁለት መስመር የተቀረጹ ሸክላዎች ለሕዝብ በስፋት መሸጥ የዠመሩት በ1958 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ የድካሙን ፍሬ በገበያ ላይ ሳያይ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዘዴው የቆመው ሰው ሁለት ጆሮ ያለው በመሆኑ ላይ ነው። ከቀኝ በኩል የመጣ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ቀድሞ፤ ለግራው ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። የመዘግየቱም መጠን ቢበዛ አንዲት ሰኮንድ ለሺህ ብትከፈል ከአንዱ ክፋይ እንኳ ያነሰ ነው፤ አእምሮ ግን ይህችን ታህል ጊዜ መዝኖ ድምፁ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። እንግዲህ ሁለቱ ስፒከሮች የዘፋኙን ድምፅ እኩል ያሰሙ እንደ ሆነ፤ በመካከል የተቀመጠው ሰው ዘፋኙ ከፊት ለፊቱ የቆመ ይመስለዋል። በዚያ ስፍራ ግን ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ዘፈኑን የቀረጸው ባለሙያም ከበሮውን በዚህ፤ ጊታሩን በዚያ አድርጎ ያዘጋጀው ለሁለት ስፒከር ብሎ ነው። በ1982 ዓ.ም. የወጣው ሲዲም ቢሆን ሁለት መስመር ብቻ የሚይዝ ነው።

የአገራችንንም ዘፈኖች ያየን እንደ ሆነ ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። አምሓ እሸቴ በ1969 ዓ.ም. ባቋቋመው አምሓ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች፥ ከዚያም በኋላ በየቤቱ ተከማችተው የቀሩት ካሴቶች፤ ባንድ ወይም በሁለት መስመር የተቀረጹ ናቸው። እነዚህን በስድስቱ ስፒከር ያሰማን እንደ ሆነ፤ የጐደሉትን አራት መስመሮች የሚሞላው መኪናው ራሱ በግምቱ ነው። የዘፋኙን ድምፅ ወደ መካከለኛው ስፒከር ይሰበስባል፤ የቀረውን ቈራርሶ ወደ ኋላ ይልካል። ማሲንቆ መቺው ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ ማሲንቆው ከወንበራችን ጀርባ ሲያለቅስ መስማት ለጊዜው ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን መቺውም ሆነ ቀራጩ እንዲህ አላሰቡትም።

ለሲኒማ ሲሆን ግን ሥርዐቱ ሌላ ነው። በሲኒማ ቤት በ1992 ዓ.ም. ባትማን ሪተርንስ በተባለው ፊልም የተዠመረው ዶልቢ ዲጂታል በመሠረቱ ለስድስት መስመር የተሰናዳ ነው። ንግግሩ ከመካከል፥ ዝናሙና የመኪናው ጩኸት ከጐንና ከኋላ፥ ነጐድጓዱ ከዉፈሩ እንዲመጣ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ልጆች ማታ ማታ ፊልም የሚያዩበት ቤት ስድስቱን ቢመኝ አንነቅፈውም። ደግሞም ለብዙ ስፒከር ተብሎ የተቀረጸ ዘፈን ከቶ የለም አንልም። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ለዚሁ የሚሆኑ አዳዲስ ዲስኮች ወጥተው ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አልገዛቸውም። ከ2021 ዓ.ም. ወዲህም አፕል ሚውዚክ ዶልቢ አትሞስ በሚባለው ዘዴ የተሰናዱ ዘፈኖችን ያቀርባል። የሚሰማው ይህን ብቻ የሆነ ሰው ምክራችንን ሊተወው ይችላል።

ዋናው ጥያቄ የገንዘቡ አከፋፈል ነው። ያው ገንዘብ ለሁለት ስፒከር ሲከፈልና ለስድስት ሲከፈል የየአንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ይነግረናል። በርካሹ የቤት ሲኒማ ውስጥ ያሉት ስፒከሮች የቡና ስኒ ረከቦት እንኳ የማይሞሉ ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው፤ ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት የሚበቃ አየር መግፋት አይችሉም። በደኅና መሣሪያ ለዉፈሩ የሚተላለፈው በሰኮንድ ከ80 ጊዜ ያህል በታች የሚርገበገበው ድምፅ ብቻ ነው፤ ጆሮም እንዲህ ያለው ድምፅ ከየት እንደ መጣ ለመለየት ይቸግረዋል። ትንንሾቹ ሣጥኖች ግን ወደዚያ መውረድ ስለማይችሉ እስከ 150 ወይም እስከ 200 ያለውን ሁሉ ለዉፈሩ ይጥሉበታል። የወንድ ዘፋኝ ደረት የሚሰማውም በዚሁ መካከል ነው። ጥላሁን ገሠሠ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያዜም ግማሹ ከመደርደሪያው ላይ፥ ግማሹ ከሶፋው ሥር ቢመጣ፤ ስድስት ስፒከር መግዛቱ ምን ጠቀመ?

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1000 ዋትም ማንንም አያታልል። ብዙ ጊዜ የሁሉንም ስፒከሮች ኀይል ደምረው፤ ድምፁ በሚበላሽበት ልክ ለክተው ይጽፉታል። ደግሞም ኀይሉ እጥፍ ቢሆን የድምፁ ከፍታ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ከተፈለገ ዐሥር እጥፍ ያህል ኀይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 50 ዋቱና ባለ 100 ዋቱ አምፕሊፋየር በመካከለኛ ክፍል ውስጥ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው።

አባት ዘፈን፥ ልጆች ፊልም የሚሹ ከሆነና ቤቱም በዚህ ምክንያት ሰላም ያጣ እንደ ሆነ፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። አምፕሊፋየሩ ባለ ብዙ መስመር ይሁን፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ለፊት የሚሆኑ ሁለት ደኅና ስፒከሮች ብቻ ይገዙ። ገንዘብ ሲገኝ አስቀድሞ መካከለኛው፥ ቀጥሎ የኋላዎቹ ይጨመራሉ። ዘፈን በሚሰማበት ጊዜ ስቴሪዮ ወይም ዳይሬክት የሚለውን መርጦ ሌሎቹን ዝም ማሰኘት ነው። የቤቱም እመቤት ሽቦ ከምንጣፍ ሥርና ከበር ጀርባ ሲጐተት ከማየት ለጊዜው ታርፋለች፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሱቅ ሲኬድ በቃል የሚያውቁትን ዘፈን ይዞ መሄድ ይገባል። ሻጩ ሁለት ዕቃ ሲያወዳድር የሁለቱ ድምፅ ከፍታ እኩል መሆኑን ይመልከቱ፤ ጥቂት ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና። ከቤት ሲገባም ሁለቱ ስፒከሮችና የሚቀመጡበት ወንበር ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ ወንበሩ ካለው ርቀት ጋራ ይተካከል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውም ክፍል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሁን። ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በማዕዘን ላይ የተወሸቀ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ ያበዛዋል። ባዶ ወለልና ራቁት መስኮት ድምፁን ስለሚያስተጋቡት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይረዳሉ። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈርም ስታብላይዘር ሳይገዙ ምንም ዓይነት አምፕሊፋየር አይሰኩ።

ሽቦው በሚገጠምበት ጊዜ ቀዩ ከቀይ፥ ጥቁሩ ከጥቁር ጋራ በሁለቱም ስፒከር እኩል መያያዙን አይቶ ማረጋገጥ ነው። በአንደኛው ብቻ የተገላበጠ እንደ ሆነ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ዘፋኙም ከመካከል ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ዕቃው ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሻጩ ከመመለሱ በፊት በመጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።