ለሞተ ባትሪ ልጆቻችንን አትጥሩብን



ባለመኪኖች በብርዱ ማለዳ በራችን ላይ ቆመው «ኑ ግፉ!» ማለቱን ልማድ አድርገውታል። ቦርሳ ያዘሉ ተማሪዎች ከኋላ ይገፋሉ፤ መኪናው ቁልቁለቱን ይንደረደራል። አንዱማ አስገፍቶ ሲያበቃ ልጆቹን በጭስ ሸኛቸው። እኛ ማኅበርተኞቹ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን።

«ድሮም በግፊት ነው የሚነሳው» ይሉናል። እሺ፣ ማርሹ በእጅ ከሆነ ይነሳል፤ አውቶማቲኩ ግን ቢገፋ ቢገፋ አይነሳም። ደግሞስ ሞተሩ እስኪነሳ የፍሬኑ አጋዥ አይሠራም፤ መሪውም ይከብዳል። ታዲያ ልጅ በሚተላለፍበት ሰዓት፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ማን ሊያቆመው ነው?

ብርዱንም ሰበብ አታድርጉ። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ብርድም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ኮምቦልቻ አድሮ ወዲያው የሚነሳ መኪና እኛ ዘንድ ሲያድር ቢለግም አይገርምም። ግን ብርድ ቶሎ የሚጥለው የደከመውን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ ከ12 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ ማታውኑ ተወስዶ ይሞላ፤ ተሞልቶም ካልያዘ ይቀየር። ፒያሳ ደርሶ መመለስ ብቻ አይሞላውም።

ጠዋት የቸገረው የጎረቤት መኪና አስጠግቶ በካቦ ያስነሳ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይታሰራል። የኔጋቲቩ መጨረሻ ግን ከሞተው ባትሪ ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ይሁን፤ ባትሪው የሚያወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ካቦ የሌለው የማኅበሩን ከቢሯችን በፊርማ ይውሰድ።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ተማሪ ያስገፋ ባለመኪና ስሙ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ