የሰው ወርቅ አያደምቅም
ከኢንተርኔት ያወረደውን የጣሊያን ሶፋ ለጥፎ «በትዕዛዝ እንሠራለን» የሚል አናጺ ራሱን ነው የሚያስጠረጥረው። ቀብድ የከፈለው ሰው በፎቶ ያየውንና የተረከበውን ሲያነጻጽር ጠብ ይነሳል፤ የጥሩው አናጺ ስምም አብሮ ይጠፋል።

«ካሜራ የለኝም» ምክንያት አይሆንም። ወንድሜ፣ ስልክህ ይበቃል። ፍላሹን አጥፋ፤ ቫርኒሹ ላይ አብረቅርቆ የዋንዛውን መስመር ይውጠዋል። አምፖሉንም አጥፋ፤ ከቀን ብርሃን ጋር ሲቀላቀል ቀለሙን ያዛባል። ቁም ሳጥኑን ብርሃን ከጎን እንዲያገኘው መስኮት አጠገብ አቁም፤ በጥላው በኩል ነጭ አንሶላ ዘርጋ። ሳጋቱራውን ጥረግ፣ ሌንሱን ወልውል። ራቅ ብለህ አንሳ፤ ተጠግተህ ካነሳኸው ዕቃው የተጣመመ ይመስላል።

እኛም ደንበኞች «ራስህ የሠራኸውን አሳየኝ» ሳንል ቀብድ አንስጥ። የእጁን ሥራ ለማሳየት ያፈረ ሰው ገንዘባችንን ለመቀበል ለምን አያፍርም?