የስኳር ሕመምና የዓይን ብርሃን፦ በደህና ጊዜ መመርመር ለምን ያስፈልጋል?

በሀገራችን የዓይን ጤና አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በዋናነት ሲያተኩር የቆየው በዓይን ሞራና በትራኮማ ላይ ነው። ይህም በቂ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከሕዝባችን 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ወገኖች ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነበር። በሁለተኛነት የተመዘገበው ትራኮማ በዓይን ብሌን ላይ የሚያስከትለው ጠባሳ ነው። ዛሬ ግን የስኳር ሕመም እየተስፋፋ በመምጣቱ ሌላ የዓይነ ስውርነት መንስኤ ከእነዚህ ጎን ተሰልፏል።

ይህ ችግር ከቀደሙት የሚለይበት ዋና ነጥብ አለ። ትራኮማ ያቆስላል፣ ያስለቅሳል፤ ሞራ ቀስ በቀስ እይታን ይጋርዳል። ሁለቱም ታማሚውን ወደ ሕክምና ይገፋፉታል። በስኳር ሕመም የሚመጣው የዓይን ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሕመምም ሆነ ብዥታ የለውም። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ በዓይን የኋለኛ ክፍል የሚገኘውን ሬቲና የተባለ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። የተጎዱት ሥሮች ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ፤ ሲደፈኑም በምትካቸው በቀላሉ የሚደሙ ደካማ ሥሮች ይበቅላሉ። ታማሚው ለውጡን በሚያስተውልበት ጊዜ ጉዳቱ ብዙ ርቀት ተጉዞ ሊሆን ይችላል።

ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ የተሳሳተ ግምት ነው። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ዓይናቸው ሲደክም ቤተሰብ «ሞራ ነው፤ እስኪበስል እንጠብቅ» ማለቱ የተለመደ ነው። የስኳር ሕመም የዓይን ሞራንም የሚያፋጥን በመሆኑ ግምቱ አንዳንድ ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተጎዳው ሬቲና ከሆነ እያንዳንዱ የመጠበቂያ ወር ብርሃን ያስከፍላል። የሌዘር ሕክምና በዋናነት የቀረውን እይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ለሬቲና እብጠት በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ እይታን ሊያሻሽል ቢችልም፣ የተሻለ ውጤት የሚገኘው በጊዜ ሲጀመር ነው።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ተሞክሮ ትምህርት ሰጪ ነው። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የስኳር ሕመም ያለባቸውንና ዕድሜያቸው 12 ዓመት የሞላቸውን ዜጎች በደብዳቤ እየጠራች የሬቲና ፎቶግራፍ ታነሳለች። ፎቶግራፉን የሚያነሱትም ሆነ የሚለዩት በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ የሚላከው ጉዳት የተገኘበት ሰው ነው። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በእንግሊዝና ዌልስ ከስኳር ሕመም ጋር የተያያዘ የሬቲና ጉዳት በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች ዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት መሆኑ ማብቃቱን አመልክቷል። ለዚህ ለውጥ የተሻለ የስኳር ቁጥጥርም ድርሻ እንዳለው የሚታመን ሲሆን፣ ታማሚው ሳይታመም መጠራቱ ግን መሠረታዊ ነበር።

በእኛ ሀገር የዓይን ስፔሻሊስቶች ቁጥር ውስን ነው፤ አብዛኞቹም በትላልቅ ከተሞች ይገኛሉ። የሬቲና ሕክምናም በሁሉም ሆስፒታሎች አይሰጥም። በመሆኑም ደብዳቤው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ የስኳር ክትትል ቀጠሮን የዓይን ምርመራ መነሻ ማድረግ ይገባል።

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያውን ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ሌላ የጊዜ ገደብ ካልወሰነ በቀር በየዓመቱ ይደገማል። የስኳር ሕመም እያለባት ያረገዘች እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ መመርመር አለባት። ምርመራው የመነጽር ቁጥር መለካት ብቻ አይደለም፤ የዓይን የኋለኛ ክፍል የሚታይበት መሆን አለበት።

ተገልጋዮች በክትትል ክፍላቸው «ሬቲናዬ የታየው መቼ ነው?» ብለው ቢጠይቁና የሪፈር ወረቀት ቢያስጽፉ መልካም ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ቅደም ተከተሉን መጠበቅና የሚሸፈነውን አገልግሎት አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በምርመራው ወቅት የሚደረገው ጠብታ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚያደበዝዝ አጃቢ ይዞ መሄድና መኪና አለማሽከርከር ያስፈልጋል።

በድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መጋረጃ መሰል ጥላ ከታየ፣ አልያም እይታ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ስኳርንና የደም ግፊትን መቆጣጠር ጉዳቱን ያዘገያል፤ ምርመራውን ግን አይተካም። ስለሆነም የስኳር ሕመም ያለባቸው ወገኖች ምርመራውን ዛሬ፣ ደህና እያዩ ሳሉ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።