ሚዛኑን ማን ይያዘው?

ቡና ወደ ውጭ በምልክባቸው ዓመታት፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት የማየው የኒውዮርክን የትናንት መዝጊያ ዋጋ ነበር። የጅማው ገበሬ ተኝቶ ሳለ ዋጋው እዚያ ይወሰናል። በዚያ ገበያ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ፣ 17 ቶን ገደማ ቡና ነው፤ አብዛኛው ተዋዋይ ግን አንዲት ፍሬ ሳይነካ ይወጣል። የገበያው ባለቤት አትራፊ ኩባንያ ነው። ይህ አያስከፋኝም፤ በላዩ እ.ኤ.አ. በ1974 በሕግ የተቋቋመ የፌዴራል ኮሚሽን አለ።

የሚያስፈራኝ ባለቤቱ ራሱ ዳኛ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2022 ኒኬል በቶን ከ100,000 ዶላር ሲያልፍ የለንደን ብረታ ብረት ገበያ የዕለቱን ግብይት ሰረዘ። ግብይታቸው የተሰረዘባቸው ሻጮች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተረቱ።

የእኛ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ሲቋቋም ባለቤቱ መንግሥት ሆነ፤ በአዋጅ ቁጥር 551 የመጣው ተቆጣጣሪም የመንግሥት መሥሪያ ቤት። መጋዘን የገባ ምርት እስከተሸጠ ድረስ ይህ ይቻል ይሆናል። የወደፊት ምርት ውል እንጀምር የሚሉ ወዳጆቼ ግን አስቀድመው የገበያውን ድርሻ ለገበሬ ማኅበራትና ለነጋዴው ይሽጡልኝ፤ ተቆጣጣሪውም ተጠሪነቱ ለፓርላማ ይሁን።