በሩ መቼ ይዘጋ?

የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ተማሪዎቻቸውን ራሱን በራሱ የሚዘጋ የጎርፍ መከላከያ በር ቢያሠሩ መልካም ነው እንላለን። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አርዱዊኖ የተባለች ፕሮግራም የምትቀበል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ርቀትን በድምፅ ሞገድ የምትለካ ሴንሰር፣ ትንሽ ሞተርና አንድ ሳፋ ውሃ። ከውሃው በላይ የተሰቀለችው ሴንሰር ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ቁልቁል ትልካለች። ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ በሆነው የድምፅ ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል፤ ይህም ሴንሰሯ ከተሰቀለችበት ከፍታ ሲቀነስ የውሃው ጥልቀት ይታወቃል። በፈተና ዋዜማ ብቻ የሚታወሰው ቀመር እዚህ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ሆኖም መምህሩ ፕሮግራሙን በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ ተማሪው ከገለበጠው ድካሙ ከንቱ ነው። ትምህርቱ ያለው በሩ ሲሳሳት ነው። «ውሃው 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ዝጋ፣ ከዚያ ሲያንስ ክፈት» የተባለ በር ሳፋው በተናወጠ ቁጥር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፤ ሞተሩም ይግላል። መዝጊያው 10 ከሆነ መክፈቻው ዝቅ ብሎ ለምሳሌ 7 መሆን እንዳለበት ተማሪው ራሱ ይድረስበት። ከዚያም መምህሩ ሳይናገር የሴንሰሯን ሽቦ ይንቀል። ልኬት የጠፋበት በር ክፍት ይቅር ወይስ ይዘጋ?

መዝጋትም ዋጋ አለው። በሆላንድ፣ ከሮተርዳም ወደ ባሕር በሚወስደው የውሃ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመረቀው የማስላንት መከላከያ እያንዳንዳቸው 210 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት በሮች አሉት። በሮተርዳም ውሃው ከባሕር ወለል በላይ 3 ሜትር እንደሚደርስ ሲተነበይ እንዲዘጉ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። በሮቹ ሲዘጉ ግን መርከቦች ይቆማሉ፤ የወንዙም ውሃ ከኋላ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ማዕበል ሲመጣ ኮምፒዩተሩ በሮቹን ዘግቷል።

በአገራችን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ለሆነ፣ ከተራራ ድንገት ለሚወርድ ጎርፍ የሚያሻው ከበር ይልቅ የተኛውን የሚቀሰቅስ ደወል ነው። ስለዚህ ተማሪው ሞተሩን ነቅሎ በቦታው ጡሩምባ ይግጠም፤ ሴንሰሯ ከከተማው ስንት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ብትተከል ሰው ልጆቹን ይዞ ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚያገኝም ያስላ።