ራስን መውቀስና ንስሐ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ፈተና ወድቆ ወይም ከቤት መርዶ ደርሶት መብራት ከጠፋ በኋላ ዐይኑን ገልጦ የሚያድር ወንድም አይተህ ይሆናል። ምናልባትም እርሱ አንተ ነህ። በዚያች ሌሊት በልቡ የሚመላለሰውን መለካት ይቻላልን?

በኔዘርላንድስ ጋርኔፍስኪ፣ ክራይ እና ስፒንሆቨን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ለዚሁ የሚሆን መጠይቅ አቅርበዋል። 36 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ መላሹም ክፉ ነገር ሲገጥመው እያንዳንዱን ሐሳብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስብ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ያመለክታል። በዚህም 9 የሐሳብ መንገዶች ይለያሉ። የሆነውን መቀበል፣ ቀጥሎ የሚደረገውን ማቀድና ከመከራው በጎ ነገር መፈለግ በአንድ ወገን ናቸው፤ ራስን መውቀስ፣ ሌላውን መውቀስ፣ ኀዘንን ደጋግሞ ማመላለስና ጥፋቱን አግንኖ ማየት ደግሞ በሌላው።

እኔን ያስደነገጠኝ (አዎን፣ አስደንግጦኛል) ራስን መውቀስ ከጎጂዎቹ ጋር መቆጠሩ ነው። እኛ በየጉባኤያችን ራሱን አብዝቶ የሚወቅሰውን ተማሪ ትሑት እንለዋለንና። ምሁራኑ ግን እውነት ይዘዋል ብዬ አምናለሁ። ንስሐ መድረሻ አለው፤ ለካህን ይናዘዙታል፣ ቀኖና ይቀበሉበታል፣ ከማሰሪያው ይፈቱበታል፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርቡበታል። ራስን መውቀስ ግን እዚያው በራስ ላይ ይዞራል፤ ሰሚም ፈቺም የለውም። ጴጥሮስም ይሁዳም ተጸጽተዋል፤ ጴጥሮስ አልቅሶ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ፣ ይሁዳ ብቻውን ሄደ።

መጠይቁ የሚጠይቀው የታሰበውን እንጂ የተደረገውን አይደለም። ጸለየን? ለንስሐ አባቱ ነገረን? ማን አብሮት ተቀመጠ? ይህን አይነግረንም። ስለዚህ ማንም ነጥቡን የእምነት መለኪያ አድርጎ፣ ያዘነውን ተማሪ «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» አይበለው። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ሞትን ለምኗል። መልአኩ አስቀድሞ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ዳግመኛ እስኪተኛም ተወው፣ ከዚያም ደግሞ አበላው። ወደ ኮሬብ ያለው የአርባ ቀን መንገድ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

የመኝታ ክፍል ጓደኛህ ሞትን እንደሚመኝ ከነገረህ በዚያች ሌሊት ብቻውን አትተወው። ሲነጋም ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም አብረኸው ሂድ።