ለየብቻ የምናየው ፊልም ለሁላችንም ውድ ነው



በዚህች የማኅበራችን ጋዜጣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ ውኃ መቋረጥ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ለአንዳንዶች የቅንጦት መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ጉዳዩም ተማሪው በዶርሙ፣ ቤተሰቡም በቤቱ ሆኖ ፊልምና ቴሌቪዥን በአነስተኛ ወጪ ሊያይ የሚችልበት መንገድ ነው።

ቅንጦት ነው የሚሉን ሁሉ እስቲ ይህን ይመልሱልን። ቅንጦት ከሆነ ስለ ምን ሁላችንም እናደርገዋለን? ሌሊት በየዶርሙ ስድስት አልጋ፣ ስድስት ብርድ ልብስ፣ በየብርድ ልብሱም ሥር አንዳንድ ስልክ ይበራል። ስድስቱም የሚያዩት አንዱኑ ተከታታይ ድራማ ነው። ስድስቱም ለየራሳቸው ካርድ ሞልተው ፓኬጅ ገዝተዋል። በማግሥቱ ደግሞ ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ሳንቲም አጥተው እርስ በርሳቸው ይበዳደራሉ። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ድኅነትን በስድስት ማባዛት ነው።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ርካሽ ማለት ወጪው በብዙዎች ተከፋፍሎ፣ ማንም ሳይዘረፍ የሚገኝ ነገር ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ ዛሬ ርካሽ እያልን የምንጠቀምባቸው ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም የስልክ ፓኬጅና የተሰረቀ ቅጂ፣ አንዳቸውም ርካሽ አይደሉም።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት ራሱ ለደንበኞቹ እንደሚገልጸው፣ የአንድ ሰዓት ፊልም በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋ ባይት፣ በኤችዲ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም በመደበኛ ጥራት እስከ 2 ጊጋ ይፈጃል። በአንድ ፎቅ ያሉ 40 ተማሪዎች ይህንኑ ፊልም በየስልካቸው ቢያዩት 80 ጊጋ ይሆናል። ኤችዲ እንይ ካሉ 240 ጊጋ ደረሰ። እነዚያው 40 ተማሪዎች በአንድ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ ነጭ አንሶላ፣ በአንድ ፕሮጀክተር ቢያዩት ግን ያው 2 ጊጋ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲሉ አባቶቻችን ያስተማሩን ይህንኑ አልነበረምን? እኛ ግን የተማርን ነን ባዮቹ፣ ሃምሳውም ሰው ሃምሳ ሃምሳ ሎሚ ተሸክሞ እንዲሄድ ፈርደናል።

የውጭ አገሩ ወርኀዊ ክፍያማ ይቅር። ኔትፍሊክስ ከታኅሣሥ 2008 ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎቱን ወደ ኢትዮጵያም አስፍቷል። ነገር ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ አብዛኞቻችን የሌለንን ዓይነት የባንክ ካርድ ይጠይቃል። ካርዱ ያለው ዘመድ ቢገኝ እንኳ ዋጋው በእጃችን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፊልሙ አልረዘመም፤ ሥዕሉም አልጠራም፤ የተመልካቹም ደመወዝ አልጨመረም። ክፍያው ብቻ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ በዚህ መካከል በየጣሪያው ላይ ያለውን ሳሕን ረስተነዋል። በ2013 ዓ.ም ኢትዮሳት በሚል ስም የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአንድነት ከናይልሳት ወጥተው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ሳተላይት ተዛውረዋል። ይህን ሥርጭት ለማየት ወርኀዊ ክፍያ የለም። የሚያስፈልገው አንድ ዲሽ፣ አንድ ኤልኤንቢና ኤችዲ የሚቀበል ሪሲቨር ብቻ ነው። ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ከተገዛ ደግሞ፣ ከአንዱ ዲሽ ሁለት ወይም አራት ሪሲቨሮች በየፊናቸው የተለያየ ጣቢያ ሊያሳዩ ይችላሉ። አራት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ዲሽ ቢተክል፣ ለአራት ቤት አራት ሳሕን በጣሪያ ላይ መደርደር አያስፈልግም። እድር ድንኳን የሚገዛው በዚሁ መንገድ አይደለምን? ድንኳንን በጋራ መግዛት የሚያውቅ ሕዝብ፣ ዲሽን በጋራ መግዛት እንዴት ይቸግረዋል?

አገሪቱም ቴሌቪዥንን ያወቀችው በጋራ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ባለ ቴሌቪዥኑ ጥቂት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መሰብሰቢያ ሆኖ ኖሯል። ከ1997 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዲሽና ፕላዝማ አስገብቶ፣ ትምህርት በሳተላይት እንዲተላለፍ አድርጓል። ስለ ፕላዝማው ትምህርት ጥራት ብዙ ክርክር ነበር፤ ያ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን አስመስክሯል። በገጠር ወረዳ ለሚገኝ የመማሪያ ክፍል ስክሪን ማቅረብ ከተቻለ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለአንድ የዶርም ሕንፃ አንዲት ቴሌቪዥን ማቅረብ አይቻልም የሚለን ሰው ቢናገር ማን ያምነዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንምጣ፤ እርሱም ፍላሽ ማስጫን ነው። ጥቂት ብር ከፍሎ አሥርና አሥራ አምስት ፊልም አስጭኖ መምጣት በመካከላችን እንደ ጨዋ ሥራ ተቆጥሯል። «ለድሃ ተማሪ ሌላ ምን መንገድ አለው?» ይባላል። እኛም እንጠይቃለን። ያ ጥቂት ብር ለማን ነው የደረሰው? ለጸሐፊው አልደረሰም። ለካሜራ ባለሙያው፣ ለተዋናይቱ፣ መብራት ተሸክሞ ሲሮጥ ለዋለው ወጣትም አልደረሰም። የደረሰው ለገልባጩ ነው። በቪዲዮ ካሴት ዘመን የጀመረው ግልበጣ በቪሲዲ ዘመን አድጎ፣ በፍላሽና በቴሌግራም ዘመን ጨርሶ ዋጋ አልባ ሆነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሽሏል። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ ገልባጩም በየመንገዱ ዳር አለ፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። የድሃው ተማሪ ፊልም የሚከፈለው ከድሃው ፊልም ሠሪ ኪስ ከሆነ፣ ይህ ድሃ ድሃን መዝረፍ እንጂ ርካሽነት አይደለም። በየስብሰባው ስለ ብዝበዛ የምንናገር ሰዎች በኪሳችን ያለው ፍላሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ነገር ግን በዚህ ብቻ አንቆምም። ተማሪውን ሌባ ብሎ ተሳድቦ መሄድ ቀላል ነው፤ ሕጋዊውን በር ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1968 ዓ.ም ለዓለም ቀርቦ፣ እስከ ዛሬ በውጭ አገር ስለ አፍሪካ ሲኒማ በሚያስተምሩ ክፍሎች ይታያል። «ጤዛ» ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰን ምሁር፣ የዚያን ዘመን ተማሪዎችና የአብዮቱን ዘመን የሚያሳይ፣ ስለ እኛው የተሠራ ፊልም ነው፤ በ2001 ዓ.ም በኡጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት ተሸልሟል። «ላምብ» በ2007 ዓ.ም በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ከእነዚህ ውስጥ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ የሚገኝ የትኛው ነው? አንዱም የለም! የፈረንሳይና የጀርመን የባህል ተቋማት በመዲናችን መካከል ፊልም ለሕዝብ ሲያሳዩ ኖረዋል፤ መልካም አድርገዋል። እኛ ግን በገዛ አዳራሻችን የገዛ ፊልማችንን ማሳየት አቅቶን፣ ተማሪው በገልባጭ በር እንዲገባ ትተነዋል።

በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ተቃውሟቸውን አንንቅም። ግን የተመልካቹንም ነገር እንመልከት። እናቶቻችን ያንን ድራማ የተመለከቱት የአገራቸውን ጠልተው አይደለም፤ ያለ ክፍያ፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ እቤታቸው ድረስ ስለ መጣ ነው። ያለ ክፍያ ወደ ቤት የገባ ሁሉ ቤተኛ ይሆናል። የአገራችን ፊልም ወደ ቤት የሚገባበት ሕጋዊና ርካሽ መንገድ ካልተሠራለት፣ በእንግዳው ላይ መጮህ ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። አንዳንድ መምህራን «ተማሪ የመጣው ለትምህርት ነው እንጂ ለፊልም አይደለም» ይላሉ። በአክብሮት እንመልስላቸዋለን። ተማሪው ፊልም ያያል፤ ይህን ማስቀረት የሚቻለው የለም። ጥያቄው ብቻውን በብርድ ልብስ ሥር ይየው፣ ወይስ ከጓደኞቹ ጋር አይቶ ይከራከርበት የሚለው ነው። ሁለተኛው ወደ ትምህርት የቀረበ መሆኑን ከመምህራን በላይ የሚያውቅ የለም።

ሌሎች ደግሞ «የጋራ ቴሌቪዥን ያው ለኳስ ነው፤ ማን ፊልም ያስከፍታል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ላውንጁ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ሜዳ ነው። ግን ይኸው ራሱ ማስረጃችን ነው! ለኳስ ሲሆን አንድ መቶ ሰው በአንድ ስክሪን ፊት ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ ማንም በየስልኬ ልየው አይልም። በአንድነት ማየት እንችላለን ማለት ነው። የጎደለን ተራ ነው። ተራ ደግሞ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል፤ በወረቀት ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፋል።

የሴት ተማሪዎችን ነገር ለብቻው እናንሣ። ወንዱ ሲመሽ ወደ ከተማ ወጥቶ ዲኤስቲቪ ቤት ይቀመጣል፤ ሲኒማ ቤትም ይገባል። እኅቶቻችን ግን የግቢው በር ሲዘጋባቸው፣ የመንገዱም ጨለማ ሲያሰጋቸው፣ የቀራቸው ያቺው የስልክ ፓኬጅ ናት። ስለዚህ በገንዘብም በነጻነትም ይበልጥ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። መጀመሪያ የሚገዛው ቴሌቪዥን ወደ ሴቶች ዶርም ይግባ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚና ለተማሪዎች አገልግሎት ክፍል የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

አንደኛ፣ ከሴቶች ዶርም ተጀምሮ በእያንዳንዱ ሕንፃ የጋራ ክፍል አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ሪሲቨር ይቀመጥ። ሕንፃዎቹ በተጠጋጉበት ስፍራ ብዙ መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ተገዝቶ በአንድ ዲሽ ይጠቀሙ።

ሁለተኛ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የኢትዮጵያ ፊልሞች መደርደሪያ ይከፈት። ቅጂው በገንዘብ ይገዛ፤ ለማሳየትም ከባለ መብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ። ደብዳቤ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የፊልም ማታ ይኑር። እንደ እቁብ ትንሽ ትንሽ ይዋጣ፤ መዋጮውም ለፊልሙ ባለቤት ይድረስ። ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ክርክር ይደረግ፤ ባለሙያዎችም ይጋበዙ።

አራተኛ፣ ብዙ የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ሥራዎቻቸውን በገዛ የዩቲዩብ ቻናላቸው ላይ ያለ ክፍያ አውጥተዋል። ከባለቤቱ ቻናል ሲታይ የማስታወቂያው ገቢ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ከገልባጭ ቻናል ሲታይ ግን ወደ ገልባጩ ነው። ማኅበሩ የእውነተኞቹን ቻናሎች ዝርዝር አባዝቶ በየዶርሙ ይለጥፍ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ የሚታይበትም ሰዓት ይመደብ።

አምስተኛ፣ እያንዳንዳችን ለክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህንኑ ይዘን እንሂድ። የጎረቤቶችን ዲሽ በጋራ ለማስተከል፣ ወላጆቻችንም ሳያስፈልጋቸው ወርኀዊ ክፍያ እንዳይከፍሉ ለማስረዳት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እስክንይዝ መጠበቅ የለብንም።

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ አስቀድመን እንሰማዋለን። ገንዘቡ አለ፤ በየኪሳችን ተበታትኖ በየሌሊቱ ጊጋ በጊጋ ያልቃል። የሚያስፈልገው ሰብሳቢ ነው፤ ማኅበር የተቋቋመውም ለመሰብሰብ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ። ሥራ አስፈጻሚው ካልያዘው እኛ ከወለሉ ላይ እናነሣዋለን፤ ድምፅ እስኪሰጥበትም አንቀመጥም!